በአባቴ መኝታ ክፍል ያደገው ክሪስታል

…ከዚያ በሩን በሁለት እጅህ ይዘህ፣ አንዱን እጅ ከላይ አንዱን ከታች አድርገህ፣ ትንፋሽህን ዋጥ አድርገህ ቀስ ብለህ ገጠምከው። እንጨቱ መቃኑን ሲነካ እንኳ ድምፅ አልነበረውም። ዞር ብለህ አየኸኝ፤ አፍህን ሳትከፍት በዓይንህ ብቻ «እንዴት ነው?» አልከኝ። እኔ ሳቅሁ። ለምን እንደሳቅሁ አሁን…

አባ። ከዚህ መጀመር አልነበረብኝም መሰለኝ። ሰላምታ ይቀድማል።

አሰላሙ ዓለይኩም አባ። ከተለያየን አራት ዓመት ከሦስት ወር ሆነን። በርበሬው ካንተ በኋላ አራት ጊዜ ተለቅሟል።

ይህን በአማርኛ ነው የምጽፍልህ። እቤት የምናወራበትን ቋንቋ ጽፌው አላውቅም። አንተም ብትሆን በየትኛውም አታነብም ነበር። ደብዳቤ ሲመጣ እኔ አነብልህ ነበር፤ አንተ ግንባርህን ቋጥረህ ወረቀቱን ሳይሆን አፌን ታያለህ። ስለዚህ ይህንንም እያንዳንዱን መስመር ጮክ ብዬ እያነበብኩ ነው የምጽፈው። የተቀመጥኩት በክፍልህ ውስጥ ነው። በሩ ክፍት ነው።

ስለ ቤቱ ልንገርህ። የግቢው በር ተቀይሯል። ልጅህ ከድር ቡታጅራ ሄዶ የላሜራ በር አሠርቶ መጣ፤ ሰማያዊ ነው፤ ሲዘጋ ሰፈሩን በሙሉ ያስደነግጣል። አንተ ብትኖር አንድ ቀን አትታገሰውም ነበር። እርሻውን የያዘው እሱ ነው። በርበሬው ሁለት ዓመት ሥሩን አሞት ጠወለገበትና ከወንዙ በኩል ያለውን ግማሹን ጫት ተከለበት። እንዳትቆጣው፤ ሚስት አገባ፣ ወንድ ልጅ ወለደ፣ ስምህን አወጣለት። መንገዱ ተጠርጓል። አሁን ባጃጅ ደጃችን ድረስ ይመጣል። ባጃጅ ሲመጣ ሳይ ሁልጊዜ አንድ ነገር አስባለሁ፤ ኋላ እነግርሃለሁ።

እኔ ወልቂጤ ነኝ። ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። አዎ፣ ጨረስኩት። ወረቀቱን ሰጡኝ።

እማ ደህና ናት። ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት። አንድ ነገር ብቻ አለ። ቅቤ አትነካም። መጀመሪያ አላስተዋልንም። የራስ ምታቷን እንኳ ቅቤ ሳትቀባ ዝም ብላ ትተኛለች። የከድር ሚስት የወለደች ጊዜ ለአራስ የሚደረገውን ሁሉ በእጇ አደረገች፤ አጠበቻት፣ አጎረሰቻት፣ ገንፎውን አገነፋች። ቅቤ መቀባቱ ላይ ሲደረስ ግን እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ጎረቤት ጠራች። «እኔ እጄ ጥሩ አይደለም» አለች። ሴቶቹ ጉልበቷን ያመማት መሰላቸው። እኔ በዚያ ቀን ከወልቂጤ መጥቼ ግድግዳው ሥር ተቀምጬ ነበር። ምን ማለቷ እንደሆነ አውቅ ነበር። ከሷ ይልቅ እኔ አውቅ ነበር።

ይህን የምጽፍልህ ለዚያ ነው። ልነግራት መጥቼ ሦስት ቀኔ ነው። መጀመሪያ ላንተ ብጽፈው ይቀለኛል ብዬ አሰብኩ። አልቀለለኝም።

ያን ጥቅምት ከአዲስ አበባ በሚኒባስ የመጣሁትን ታስታውሳለህ። ጉልበቴ ላይ በፎጣ የጠቀለልኩትን ካርቶን ይዤ፣ ጥያ ጋ ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ እንደ ሕፃን አቅፌው። ካርቶኑ ውስጥ ሦስት ብልቃጦች ነበሩ። ከሁለት ዓመት ጀምሮ አንድ የዩሪያ ዓይነት ላይ እየሠራሁ ነበር። ክሪስታል ማሳደግ ነበረብኝ፤ አንድ፣ ንጹሕ፣ ያልተሰነጠቀ ክሪስታል። ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ እንዴት እንደተያያዙ የሚታየው እሱን በኤክስሬይ በማንሳት ብቻ ነው። ቤተ ሙከራችን ውስጥ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ጊዜ ዱቄት ሆነብኝ። ተማሪው በር ያጋጫል፣ መብራት ይጠፋል፣ ሙቀቱ ይወጣል ይወርዳል። ፈሳሹ ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ መትነን አለበት፤ ከተነቃነቀ ሞለኪውሎቹ ተራቸውን ሳይጠብቁ ተጋፍተው ይወድቃሉ። መምህሬ «ጸጥ ያለ፣ ጨለማ፣ ቀዝቃዛ ቦታ ፈልጊ» አሉኝ። ዓይኔን ስጨፍን የመጣልኝ ያንተ ክፍል ነበር። መስኮት የለውም። ግድግዳው ክንድ ይሞላል። በጋም ክረምትም አንድ ዓይነት ነው።

ስነግርህ ምን እንዳልክ አልረሳሁም። «ዩሪያ? ዩሪያ ልትማሪ ነው አዲስ አበባ ድረስ የሄድሽው? የገበሬ ማኅበሩ መጋዘን ሞልቶልሽ! ከፈለግሽ አንድ ኩንታል በአህያ አስጭኜ አመጣልሻለሁ።» ጋሼ ሸምሱ አጥሩ ላይ ተደግፎ ሰምቶህ ኖሮ በማግሥቱ ሰፈሩ ሁሉ «የማዳበሪያዋ ዶክተር» ይለኝ ጀመር። «ሰሚራ፣ ኧረ ለኔም በቆሎ አንድ እፍኝ!» ይለኝ ነበር ባየኝ ቁጥር። ያን ጊዜ ያበሽቀኝ ነበር። አሁን ጋሼ ሸምሱ ሲያየኝ አይቀልድም፤ መምህርት ይለኛል። ቀልዱ ይሻለኝ ነበር።

የኔ ዩሪያ የሚዘራው እንዳልሆነ አስረዳሁህ። ዘሩ አንድ ነው፤ የኔው ግን ግራና ቀኙ ላይ ቀለበት የተሰካበት ነው አልኩህ። አንተ መሬት ላይ ቁጢጥ ብለህ በጭራሮ አፈሩ ላይ የምስለውን ታያለህ። መሐሉ ላይ ኦክስጅን አለ፤ አንድ እጅ ነው፤ ወደ ኋላ የተዘረጋ። ከፊቱ ደግሞ ሁለት ሃይድሮጂኖች አሉ፤ ሁለት እጆች ናቸው። ከኋላ ያለው ሞለኪውል በሁለት እጁ ከፊቱ ያለውን አንድ እጅ ይይዛል። እሱም የራሱን አንድ እጅ ከኋላው ላለው ይሰጣል። እንዲህ እየተያያዙ ረጅም ሰልፍ ይሆናሉ። ማሰሪያው ደካማ ነው፣ አንዱ ብቻውን ምንም አይደለም፤ ሲበዛ ግን ድንጋይ ያደርጋቸዋል አልኩህ። የሃይድሮጂን ትስስር ይባላል አልኩህ።

ሥዕሉን በጣትህ ተከተልከው። ከዚያ «ይኼማ ትልቅ ሰው ሰላም ማለት ነው» አልክ።

አልገባኝም ነበር። ተነሥተህ አሳየኸኝ። ትልቁ ሰው አንድ እጁን ይዘረጋል፤ ትንሹ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ይቀበለዋል። «እያንዳንዱ ለፊተኛው ታናሽ ለኋለኛው ታላቅ ነዋ» አልክ። «የተከበረ ድንጋይ ነው ያንቺስ።» ሁለት ዓመት ሙሉ ያነበብኳቸው የጥናት ጽሑፎች እንዲህ አድርገው አላስረዱኝም። እንደዚያ አልነገርኩህም ግን። «እንደዚያ ነገር ነው» አልኩህ። እንደዚያ ነገር። ለአዋቂ መልስ እንደሚሰጥ ሳይሆን ለልጅ እንደሚባለው።

ብልቃጦቹን ራስጌህ በኩል ያለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥናቸው። አፋቸውን በስስ ላስቲክ ሸፍኜ በመርፌ ሦስት ሦስት ቀዳዳ በሳሁ። በሩ ይህ ነው፤ ይኸው አሁን ፊቴ ያለው፤ ያን ጊዜ ሲዘጋ ግድግዳው ይንቀጠቀጥ ነበር። እንዳይንቀጠቀጥ ብለህ ነው በሁለት እጅ መዝጋት የጀመርከው። ከድርን አስተማርከው። እማን አስተማርካት። አህያዋን ከግድግዳው ጀርባ አንስተህ ወዲያ ማዶ አሰርካት። የበርበሬ ጆንያ ሲወርድ «ቀስ፣ ቀስ፣ የልጅቷ ድንጋይ አለ» ስትል ይሰማኛል።

በሁለተኛው ቀን ክፍሉ ውስጥ ቆመህ አየሩን አሸተትክ። «ምንድን ነው የሚሸተው?» አልከኝ። ፈሳሹ አልኮል ነበር። ንጹሕ አልኮል። አንተ በሕይወትህ ሙሉ በዚህ ቤት ደጃፍ እንኳ ያላሳለፍከው ነገር፤ ጠጥቶ የመጣ ዘመድ ግቢ እንዳይገባ የምትከለክል ሰው። እኔ ደግሞ አንተ በምትሰግድበት ክፍል፣ ከራስህ በላይ፣ ሦስት ብልቃጥ ደርድሬ። ቀደም ብዬ መናገር ነበረብኝ፤ አስቤበታለሁ፤ ከነገርኩህ እንቢ ትለኛለህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። «መድኃኒት ነው፤ ሐኪም ቤት መርፌ ሲወጉ የሚቀቡት» አልኩህ። ውሸት አልነበረም። ያ ነው የሚያሳፍረኝ፣ ውሸት እንዳይሆን ተጠንቅቄ መምረጤ።

ጭንቅላትህን ነቀነቅክ። በማግሥቱ ጠዋት መስገጃህንና ፍራሽህን ይዘህ በርበሬው ወደሚቀመጥበት ቤት ሄድክ። «አየሩ ይሻለኛል» አልክ። በርበሬ ቤት ውስጥ ምን አየር አለ? ጆንያ እስከ ጣሪያ በተደረደረበት፣ ሲያስነጥስህ ከግቢው ማዶ በሚሰማበት። እኔ አመንኩህ። ወይም ማመን ደስ አለኝ። ክፍሉ ባዶ ሲሆን ለክሪስታሉ ጥሩ ነው ብዬ አሰብኩ። ይህን በእውነት አሰብኩ፣ በእነዚህ ቃላት።

እውነቱን የነገረችኝ እማ ነች፤ ለቅሶው ላይ። አልኮል መሆኑን በመጀመሪያው ቀን አውቀሃል። «እዚያ አልሰግድም፤ ልጅቷን ግን እንዳትነግሪያት፣ ታፍራለች» ብለሃታል።

ታፍራለች።

አምስተኛው ሳምንት ላይ በአንደኛው ብልቃጥ ግርጌ አንድ ነገር ብልጭ አለ። ፀጉር የሚያህል። በየቀኑ ጠዋት በእጅ ባትሪ ገብቼ በማጉያ መነጽር አየዋለሁ። ሩዝ አከለ። ጠርዙ ቀጥ አለ። መምህሬ በስልክ «ፈሳሹ ሳያልቅ አውጪው፣ ከደረቀ ይበላሻል፤ ግን አትቸኩዪ፣ ትንሽ ይደግ» አሉ። እሳቸው በቀጣዩ ሳምንት ቅዳሜ ወደ ውጭ አገር ይበሩ ነበር። ማሽኑ ያለው እዚያ ነው። አርብ አዲስ አበባ ካላደረስኩላቸው ሌላ ዓመት ነው።

ያን ዕለትም አርብ ነበር፤ ከጁምዓ ስትመለስ «እስቲ አሳዪኝ» አልከኝ። ገባን። አንተ በሩን ዘጋህ። ባትሪውን ያዝኩልህ፣ መነጽሩን ሰጠሁህ፣ ጎንበስ አልክ። ፊትህ ከፊቴ አንድ ስንዝር አይርቅም ነበር። «ሱብሐነላህ» አልክ። ስትናገር ትንፋሽህ መጣ።

አባ፣ ያን ሽታ አውቀው ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ የሠራሁት ምን ላይ ነው? ሽንት የሚሸት ትንፋሽ። አሞኒያ፤ ዩሪያ ሲፈርስ የሚወጣው። ወደ ታች ሳይ እግርህ አብጦ ጫማው ላይ ሞልቶ ፈስሷል። ማጉያውን የያዘው ክንድህ ላይ ያከክህበት መስመር ቆዳህን ልጦታል። ለሌላ ሰው አላወቅሁም ማለት እችላለሁ። ለአራት ዓመት ብያለሁም። ላንተ ግን አልችልም፤ ምክንያቱም አንተ ቀና ስትል አይተኸኛል። እንዳየሁ አይተሃል።

«አባ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩህ። «ትንሽ ቀን ነው» አልክ። «ሽንትህስ ይወጣል?» አልኩህ፤ አፍረህ ፊትህን አዞርክ። ሐኪም ቤት መሄድ አለብን አልኩህ። ይህን ብያለሁ፤ ይህችን ለራሴ ይዣታለሁ። ከዚያ ግን ወዲያው፣ በዚያው ትንፋሽ፣ «አርብ አዲስ አበባ ደርሼ ልምጣ፤ ከዚያ ራሴ ይዤህ እሄዳለሁ፤ እስከ አርብ ትጠብቀኛለህ?» አልኩህ።

ብልቃጡን አየኸው። «ድንጋይሽ ይድረስ» አልክ። «አንድ ሳምንት ምን አላት።»

ከዚያ ወጥተን በሩን በሁለት እጅህ ዘጋኸው።

በሰኞው እማ ማድቤት ጋ ጠራችኝ። «ሰውነቱን ሲያክ ያድራል፣ የበላውን ያስመልሰዋል፣ ሐኪም ቤት እንውሰደው ይሆን? አንቺ የተማርሽው ነሽ» አለችኝ። እማ በሕይወቷ አስተያየቴን ስትጠይቀኝ የመጀመሪያዋ ነበር። ዓይኗ እኔ ላይ። ውሰጂው ካልኳት ትወስደዋለች፤ ጋሼ ሸምሱን ትጠራለች፣ ቃሬዛ ይመጣል፣ ቤቱ ይተራመሳል፤ አስታማሚ መሆን ያለብኝ እኔ ነኝ፣ ከሐኪም ጋር የምናገር እኔ ነኝ፤ ክሪስታሉን የሚያወጣው ማን ነው? ይህ ሁሉ ስንት ጊዜ ፈጀ? መሶቡን ከድና ቀና እስክትል።

«የበርበሬ ነው እማ» አልኳት። «እዚያ እየተኛ አቃጥሎት ነው። ቅቤ ቀቢው።»

ቀባችህ። ስድስት ቀን ጠዋት ማታ ቀባችህ። በርበሬ ቤቱ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቅህ እግርህን እቅፏ ውስጥ አድርጋ ስታሽህ ከክፍልህ መውጫ ላይ ሆኜ አየሁ። አንተም አየኸኝ። ምንም አላልካትም። ምስጢራችን ሆነ፤ በሕይወታችን ሁለታችን ብቻ የያዝነው ምስጢር ያ ነው።

ሐሙስ ቀን ደኅና ሁን ልልህ መጣሁ፤ በማግሥቱ በጠዋት ስለምሄድ። ግንባርህ ላይ፣ በአፍንጫህ ዳርና በጢምህ ሥር ነጭ ነገር ነበር። ደቃቅ፣ እንደ ጨው። ላብ የደረቀበት መሰለኝና በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁልህ። ፀሐይ ላይ ብልጭ አለ። ብልጭ ማለቱን አይቻለሁ አባ። ስድስት ሳምንት ሙሉ በባትሪና በማጉያ ብልጭ የሚል ነገር ስፈልግ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጠረግሁትና ነጠላዬን አራገፍኩ።

አርብ ጠዋት ክሪስታሉን በወረንጦ አወጣሁት። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ሄድኩ፣ አስረከብኩ፣ ቅዳሜ ማታ ገባሁ። እሑድ ጠዋት በቃሬዛ ወጣህ። ያኔ መኪና መንገድ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት በእግር ነው። ጋሼ ሸምሱ ከፊት፣ ከድር ከኋላ፣ የሰፈሩ ወንዶች በግራ በቀኝ እየተፈራረቁ። አንዱ ትከሻውን ሳይለቅ ሌላው በሁለት እጁ ይቀበላል። ማንም አይናገርም፤ «ያዝኩ»፣ «ልቀቅ» ብቻ። እኔ ከኋላ ጫማህን ይዤ። ባጃጅ ባየሁ ቁጥር የማስበው ይህን ነው።

ሐኪሙ ወጣት ነበር፤ ከኔ አይበልጥም። ግንባርህን በጣቱ ነካ አድርጎ ጣቱን ወደ ብርሃን አነሣው። ጉንጭህ ላይ እንደገና ወጥቶ ነበር። «ይህን አይታችሁ ነበር?» አለ። እማ ጨው ነው አለች። «ዩሪያ ነው» አለ። «ኩላሊት አልወጣ ሲለው በላብ ይወጣል። ላቡ ይተናል፣ እሱ ቀርቶ ክሪስታል ይሠራል።» እኔ ምን እንደምማር አያውቅም ነበር። ዝግ ብሎ፣ ቀለል አድርጎ አስረዳን፤ መትነን ማለት ምን እንደሆነ በእጁ እያሳየ። እኔ እንደማንኛውም ገበሬ ልጅ ጭንቅላቴን እየነቀነቅሁ ሰማሁት።

ኮሪደሩ ላይ ተከትዬው ወጣሁ። «ከሳምንት በፊት ብናመጣው?» አልኩት። ፊቴን አየ። «እንዲህ ነው ማለት ይከብዳል» አለ። እስከ ዛሬ ያለኝ ይህ ብቻ ነው። ይከብዳል። አንዳንድ ቀን ይበቃኛል። አንዳንድ ቀን ወልቂጤ ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ጠመኔው እጄ ላይ ይቆማል።

ማክሰኞ እጅህን ዘረጋህልኝ። ቀኝ እጅህን፤ ሌላውን መርፌ ይዞታል። ያን ሰዓት ስልኬ ጠራ። መምህሬ ነበሩ፣ ከውጭ። ክሪስታሉ ሳይሰነጠቅ ደርሷል፣ ጥሩ ምስል ይሰጣል፣ «ዕድለኛ ነሽ» አሉኝ። ስልኩን በቀኝ እጄ ይዤ እጅህን በግራዬ ያዝኩህ። በአንድ እጅ። በግራ። «ደረሰ ወይ?» አልከኝ። «ደረሰ አባ» አልኩህ። «አልሐምዱሊላህ» አልክ። ፊትህ ላይ የነበረው ደስታ የውሸት አልነበረም። ለዚያ ነው ይቅር አልከኝ ለማለት የማልችለው፤ ቅር እንዳለህ የሚያሳይ ምንም አልሰጠኸኝም።

ሐሙስ ሄድክ። አሱር ሳይደርስ ቀበሩህ።

ለቅሶ ላይ ሴቶቹ እማን ከበው ተቀምጠው እያለ፣ በመሐል፣ ማንም ሳይጠይቃት ተናገረች። «እኔ ነኝ። ቅቤ እየቀባሁ እቤት ያቆየሁት እኔ ነኝ። ሐኪም ቤት ላድርሰው ሳልል፣ በቅቤ…» እጆቿን ዘርግታ እያየቻቸው። ሴቶቹ «ኧረ ተይ፣ የአላህ ውሳኔ ነው» አሏት። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ትከሻዬ ትከሻዋን ይነካ ነበር። ልትናገሪ የምትችዪው አሁን ነው አልኩ ለራሴ፤ ከዚያ አንዲት ሴት ገብታ ማልቀስ ጀመረች፣ ሁሉም ተነሣ። ማታም አልተናገርኩም። በአርባህም አልተናገርኩም። በየዓመቱ ሰደቃ ሲወጣልህ እመጣለሁ፣ ቆጮ እቆራርጣለሁ፣ ሰው አስተናግዳለሁ፣ እመለሳለሁ። እማ «የበርበሬ ነው» ማለቴን ረስታዋለች። ወይም አልረሳችውም። ወይም ልጇ የተማረች ስለሆነች፣ ሳታውቅ ተሳስታ እንጂ አውቃ እንደዋሸች ማሰብ ጭንቅላቷ ውስጥ ቦታ የለውም።

ምስሉ ደረሰኝ። ካንተ በኋላ በሁለተኛው ወር። አንተ እንዳልከው ነው። አንድ እጅ ተዘርግቷል፣ ሁለት እጅ ይዞታል፣ ሰልፉ ከወረቀቱ ጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳል። መመረቂያ ጽሑፌ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ክሪስታሎቹ በክፍል ሙቀት፣ አልኮሉን በዝግታ በማትነን፣ በስድስት ሳምንት ተገኙ። የማን ክፍል እንደሆነ አይጠየቅም። ምስጋናው ላይ መምህሬን፣ ቤተ ሙከራውን፣ ጓደኞቼን በስም አመሰገንኩ። ከታች «ለቤተሰቦቼ» አልኩ። ስምህን ጽፌው ነበር። ሰርዤዋለሁ። ስለምን ብለው ቢጠይቁኝ የምለው ስላልነበረኝ።

አንዱ ክሪስታል እኔ ጋ አለ። ሁለተኛው ብልቃጥ ውስጥ የቀረው፣ ትንሹ። በብርጭቆ ቱቦ ይዤው መጥቻለሁ፤ አሁን መደርደሪያህ ላይ፣ የነበረበት ቦታ ነው። አልኮል የለበትም። ደርቋል።

ቃል የምገባልህ ነገር ቢኖር ይህ ነው። ክፍል ውስጥ ስለዚህ ትስስር በማስተምርበት ጊዜ ሁሉ፣ ተማሪዎቹን ሁለት ሁለት አስነሥቼ አንዱ አንድ እጁን እንዲዘረጋ፣ ሌላው በሁለት እጁ እንዲይዘው አደርጋለሁ። ይስቃሉ። ይህን ያስተማረኝ አባቴ ነው እላቸዋለሁ፤ የመስቃን በርበሬ ገበሬ ነው፣ ማንበብ አይችልም ነበር። ስምህን እነግራቸዋለሁ። እስካስተማርኩ ድረስ እንዲህ አደርጋለሁ። እሱን ስነግራቸው ግን ሌላውንም አስታውሳለሁ፤ ነጠላዬን ማራገፌን፣ የግራ እጄን፣ እስከ አርብ ያልኩህን። አንዱን ከሌላው ነጥዬ አልይዝም። ይህን ልረሳ አልለምንም አባ።

ደብዳቤውን እዚህ ላይ ትናንት አቁሜው ነበር። ቀሪውን የምጽፈው ግቢው ውስጥ፣ ሰሌኑ ላይ ሆኜ ነው።

ትናንት ከዙሁር በኋላ እማ እዚሁ ተቀምጣ በርበሬ ትቀነጥስ ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ አብሬያት መቀንጠስ ጀመርኩ። «ጣትሽ ይቃጠላል፣ የቢሮ ጣት ሆኗል» አለችኝ። ሳቅሁ። ከዚያ በቋንቋችን ነገርኳት። በአማርኛ ደጋግሜ ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋብኝ፤ አጭር ሆነ። የበርበሬ ነው ያልኩሽ አውቄ ነው አልኳት። መታመሙን ካንቺ በፊት አውቄያለሁ፤ ድንጋዬ እስኪደርስ ነው ያቆየሁት፤ እጅሽ ምንም አላደረገም እማ፣ ቅቤውን ያልኩሽ እኔ ነኝ።

እጇ ቆመ። ከዚያ የያዘችውን አንዷን በርበሬ ቀነጠሰች። ሌላዋንም። ፍሬውን አንድ ወገን፣ እንጨቱን አንድ ወገን። ከድር የላሜራውን በር ከፍቶ ገባ፣ ሰላም አለን፣ ወደ ጓሮ አለፈ። እስኪያልፍ ጠበቀች።

«እሱ ያውቅ ነበር?» አለችኝ።

«ያውቅ ነበር» አልኳት።

ቀሚሷ ላይ የነበረውን እንጨት አራግፋ፣ ጉልበቷን በእጇ ደግፋ ተነሣች። ላግዛት ተነሥቼ እጄን ዘረጋሁ። አላየችውም፤ ወይም አይታዋለች። ግቢውን አቋርጣ ወደ ክፍልህ ገባች። ውስጥ ሆና ዞር አለች። በሩን በሁለት እጇ ያዘችው፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች አድርጋ፤ ቀስ ብላ፣ ድምፅ ሳይኖረው ገጠመችው።